ወረቀቱ ለምንድን ነው?

— ያቺን የ20 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል ሁለት ፓኮ ስጪኝ፣ ልጄ። መኪናው ሳይሞላ ወደ አንኮበር ልመለስ።

— ማዘዣ ይዘዋል፣ ጋሼ?

— የምን ማዘዣ? ዓመታት የዋጥኳት መድኃኒት ናት። መጀመሪያ የጻፈልኝ ሐኪም ነበር። ወረቀቱ ጠፋ፣ ቃሩ ግን ይኸው አለ።

— ሐኪሙ ሲጽፍልዎ ለስንት ጊዜ ውሰድ ብሎዎት ነበር?

— እሱን ማን ያስታውሳል! አንድ ወር ይሁን ሁለት። ብቻ ስውጣት ደረቴ ያርፋል፤ ስተዋት ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ድረስ ይለበልበኛል። ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል?

— ለቃር አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ነው የምትታዘዘው። ከዚያ ሐኪሙ ይቁም፣ ይቀነስ ወይስ ይቀጥል ብሎ መወሰን ነበረበት። የእርስዎ ነገር መጀመሪያው ታዟል፣ መጨረሻውን ያዘዘ ግን የለም።

— መጨረሻውንማ እኔው ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ክረምት ተውኳት። ሳምንት ሳይሞላ ከበፊቱ የባሰ መጣብኝ። መድኃኒቷ እንደምታስፈልገኝ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጊያለሽ?

— ግማሽ ማስረጃ ቢሉት ይሻላል። ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ቃር የማያውቃቸው ጤነኛ ሰዎች ተመርጠው፣ ገሚሶቹ የኦሜፕራዞል የቅርብ ዘመድ የሆነ መድኃኒት ለ8 ሳምንት ወሰዱ፤ ገሚሶቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ባሉት አራት ሳምንታት፣ ወስደው ካቆሙት 44 ከመቶው ማቃጠልና መሰል ስሜት አገኛቸው። ከሌሎቹ ግን 15 ከመቶው ብቻ። ጤነኞች ነበሩ እኮ፣ ጋሼ! ጨጓራ አሲድ እንዳያመርት ለወራት ሲከለከል፣ ሰውነት አምርት የሚለውን ትእዛዝ ያበረታል። ክልከላው በድንገት ሲነሣ ከድሮው አብልጦ ያፈልቃል። ክረምት ላይ ያገኘዎት የድሮው ሕመምዎ ይሁን ይህ፣ በሳምንት ውስጥ መለየት አይቻልም።

— ታዲያ ሱስ ነው በይኛ! ዋሽንግተን ያለው የወንድሜ ልጅ ልክ ነበር። በስልክ በደወለ ቁጥር "ኩላሊት ታበላሻለች፣ አጥንት ታሳሳለች፣ መርሳት ታመጣለች፣ ጋሼ" ይለኛል።

— ሱስ አይደለም። ያ ማገርሸት ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ይረግባል፤ ለዚህ ነው ብዙ የወሰደ ሰው መጠኑን እየቀነሰ፣ ሲያቃጥለው በአንታሲድ ሽሮፕ እየተደገፈ የሚወጣው። የወንድምዎ ልጅ ደግሞ ያነበበውን ነው የሚነግርዎ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ አጥንት ስብራት፣ በ2011 ስለ ማግኒዥየም ማነስ፣ በ2012 ስለ ብርቱ ተቅማጥ አስጠንቅቋል። ግን አብዛኛው የመጣው ወሳጅና የማይወስድ ሰው ከሩቅ እየተያየ ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስደው ሰው ከመጀመሪያውም ሌላ ሕመም የበዛበት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከዚያ የበለጠ ጥናት ታተመ፤ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ፓንቶፕራዞል ገሚሶቹ ባዶ ኪኒን፣ በአማካይ ለሦስት ዓመት። ኩላሊቱም፣ አጥንቱም፣ መርሳቱም በሁለቱ ወገን አልተለያየም። ትንሽ ከፍ ብሎ የተገኘው የአንጀት ኢንፌክሽን ነው፤ 1.4 ከመቶ በ1.0 ከመቶ።

— ይኸው! በገዛ አፍሽ። ምንም የማታደርግ ከሆነች ለምን ወረቀት ትጠይቂኛለሽ? የወንድሜ ልጅ በፍርሃት ሊያስጥለኝ ይፈልጋል፣ አንቺ ደግሞ አትጎዳም እያልሽ ትከለክይኛለሽ። ከሁለታችሁ እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ምክንያት አለው።

— አጠያየቅዎ ከባድ ነው፤ እውነቱን ልንገርዎ። ጥናቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሐኪም ፊት ቀርበው፣ ሌላ ምን እንደሚወስዱ ተጽፎ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠየቁ የኖሩ ናቸው። መድኃኒቷ ደኅና ሆና የተገኘችው እንዲህ ባለው ሰው ላይ ነው። እርስዎን ግን ማን ጠየቀ? ካፕሱሏን መቼ ነው የሚወስዷት?

— ማታ ነዋ! ራት በልቼ፣ ጋደም ስል፣ ሲጀምረኝ።

— ይኸው። ሆድዎ ከሞላ በኋላ፣ ማቃጠሉ ከጀመረ በኋላ። ኦሜፕራዞል ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ አያጠፋም። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች አሲድ እንዳይፈጃቸው ተለብጠዋል፤ አንጀት ገብተው ይሟሟሉ፣ በደም ዞረው ተመልሰው አሲድ የሚያፈልቁትን ሴሎች ያገኟቸዋል። የሚዘጉት ደግሞ ሥራ የጀመሩትን ነው፣ ሥራ የሚያስጀምራቸውም ምግብ ነው። ስለዚህ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ነው ጊዜዋ። ማታ ሲያቃጥል የምትዋጠው ለዚያ ሌሊት ብዙ አትሠራም። ሙሉ ጉልበቷ የሚታየው በተከታታይ ሦስት አራት ቀን ሲወሰድ ነው። ከፍተው ፍሬዎቹን ያኝካሉ?

— አንዳንዴ ካፕሱሏ ጉሮሮዬ ላይ ስትያዝ እሰብራታለሁ።

— ሲፈጩዋት ልባጧን ገፈው ለአሲዱ ሰጧት ማለት ነው። አይታኘክም፣ አይፈጭም። ደግሞ ይህን ሰማሁ፤ ምግብስ ይያዝብዎታል? እንጀራው ደረትዎ ላይ ቀጥ ይላል?

— እሱስ የለም። ካፕሱሏ ብቻ ናት፣ ያለ ውኃ ስውጣት። ግን ቁርስ አልሽኝ። እኔ እኮ ጾመኛ ነኝ። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። የትኛው ቁርስ?

— ይህን ጥያቄ የውጭ አገር መጽሐፍ አይመልሰውም፣ አሠራሯን ለሚያውቅ ሰው ግን ቀላል ነው። የሚቆጠረው ሰዓቱ አይደለም፣ የመጀመሪያው ማዕድ ነው። ዘጠኝ ሰዓት የሚበሉ ከሆነ ስምንት ሰዓት ተኩል በውኃ ይውሰዱ። አልዩ አምባ ያሉ ሙስሊም ደንበኞቼም በረመዳን ጊዜዋን ከአፍጥራቸው ጋር እያስማሙ ነው የሚወስዷት። ውኃው ጾሙን ይፈታል አይፈታም የሚለውን ግን ለንስሐ አባትዎ ልተውላቸው። ለበሽተኛ እንዴት እንደሚያዩት ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። የሚያሳስበኝ የጾሙ ሰዓት አይደለም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶ ሆድ የሚወርደው ሚጥሚጣ፣ በፋሲካ ሌሊት ደግሞ ዶሮ ወጥና ጠላ ጠግቦ ወዲያው መተኛት ነው።

— እንግዲህ ምግቤንም ልትወስጂብኝ ነው። የባለቤቴን ጦስኝ ሻይ ጠጥቼ ብውልስ? ተልባም አለ። አንኮበር እኮ የመድኃኒት አገር ነው፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈረንጅ በመጣ ቁጥር መድኃኒት ይጠይቁ ነበር ይባላል፣ እነሱ የሚጠይቁት ግን ከእኛው ጓሮ ነበር።

— ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር ሲገባ ሐኪም ይዞ ነበር፤ ንጉሡም መድኃኒት ይወዱ እንደነበር ጽፏል። እሳቸውም ማዘዣ አልነበራቸውም። ደግሞ ጓሮውን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በአንኮበር ወረዳ ብቻ ከ100 በላይ የመድኃኒት ዕፅዋት መዝግቧል። ጦስኙ ይጠጣ፣ ተልባውም ጉሮሮዎን ካለሰለሰው ይጠጣ። ፌጦ በሎሚ ግን ይቅርብዎ፣ የቆሰለ ቦታ ላይ የባሰ ያቃጥላል። ወተቱም ለጊዜው ያበርዳል፣ ቆይቶ ግን ጨጓራ ብዙ አሲድ ያወጣበታል።

— አረቄዋስ? የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ።

— አውቀዋለሁ፣ እዚሁ ነው ያደግሁት። ግን ጋሼ፣ እህል ነጋዴ ነዎት፤ የጆንያ አፍ በደንብ ካልታሰረ እህሉ ሲያጋድሉት ይፈሳል። ከጉሮሮ ወደ ጨጓራ የሚያስገባው በር እንዲሁ ነው። አረቄ፣ ቅባት የበዛበት ምግብና ሲጋራ ያላሉታል። ኦሜፕራዞል ደግሞ በሩን አያስርም፤ የሚፈሰውን ከአሲድነት ያወርደዋል እንጂ መፍሰሱን አያቆመውም። መኝታዎን ከራስጌው 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር በጠርብ ያንሡት፣ ከራት በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አይተኙ፣ በግራ ጎንዎ ይተኙ፣ ቀበቶዎን ያላሉ። ይህን ሁሉ በነፃ ነው የምነግርዎ።

— በነፃ የሚሰጠውን ሁሉ ሰጠሽኝ፣ በገንዘብ የምጠይቅሽን ግን ነሳሽኝ። ደግሞ የእኔ በሽታ ኤች ፓይሎሪ ነው ተብያለሁ። ደጋግሜ ታክሜለታለሁ፤ ደም በሰጠሁ ቁጥር "አለብህ" ይሉኛል፣ ያን የሁለት ሳምንት ጉደኛ መድኃኒት እውጣለሁ፣ አፌ መራራ ይሆናል፣ ሲያልቅ ቃሩ ይመለሳል።

— እዚህ ላይ እኔም እናደዳለሁ። ኤች ፓይሎሪ ጨጓራን የሚያቆስለው ባክቴሪያ ነው። ማርሻል የሚባለው አውስትራሊያዊ ሐኪም ማንም አላምን ሲለው እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ በ2005 ከባልደረባው ከዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙበት። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ ከሰው ግማሽ ያህሉ ይሸከመዋል። እንግዲህ ግማሹ ሰው ያለበትን ነገር "አለብህ" ማለት የቃርዎ ምክንያት እሱ ነው ማለት አይደለም፤ የቁስለትና የቃር መንገዱ ለየቅል ነው። ደግሞ የደም ምርመራው የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ነገር ነው። ባክቴሪያው ከጠፋም በኋላ ለወራት፣ ለዓመታትም ይታያል። ድነው ሳለ እንደገና ፀረ ባክቴሪያ ሲውጡ ኖረው ይሆናል። መዳንዎን የሚናገረው የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው፤ ለዚያም ኦሜፕራዞል ሁለት ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያው አራት ሳምንት መቆም አለባቸው። አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ምርመራው የለም ይላል።

— ጎሽ! ይህንን ነው የፈለግሁት። ደጋግሞ ያን መድኃኒት ያዘዘልኝ ማን ነው? ወረቀት ያለው ሰው ነው። ማዘዣ ያለው ነገር ሁሉ ልክ ቢሆን ኖሮ እኔ ይህን ሁሉ ባልዋጥኩ። እኔ ግን ያለ ወረቀት የምወስዳት ኦሜፕራዞል ብቻ ናት፣ እሷም አንቺ ራስሽ እንዳልሽው አትጎዳም።

— ይህን አልክድም። ወረቀት ራሱ አያስብም። የሚያስበው የሚጽፈው ሰው ነው፣ እሱም ካልጠየቀ ወረቀቱ ባዶ ነው።

— አልጠየቀማ! ከአንኮበር 40 ኪሎ ሜትር መጥቼ፣ ካርድ አውጥቼ፣ ግማሽ ቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ጨጓራ" ብሎ ጻፈ። ያንን ለመግዛት ነው ሌላ ቀን የምከስረው? ያለ ወረቀት የሸጠልኝም እዚሁ ከተማ ያለ መድኃኒት ቤት ነው። የእናንተው ሰው።

— የእኛው ሰው ነው። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1112፣ ሁላችንንም ይመለከታል። በማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ ክልክል እንደሆነ ማናችንም አላጣነውም። ኪራዩም፣ ደንበኛ መቆጣቱም፣ ከጎን ያለው ቤት መኖሩም ያስገድዳል እንላለን። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሐኪሙ ያልጠየቀዎትን። አንኮበር ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ኮረብታ ሲወጡ ደረትዎን ያቃጥልዎታል? ሲያርፉ ይተዋል?

— ይደክመኛል እንጂ አያቃጥለኝም። የሚያቃጥለኝ ስተኛ ነው።

— ደግ። ዳገት ላይ የሚጀምር፣ ሲያርፉ የሚተው ማቃጠል የልብ ሊሆን ይችላል፤ ስንቱ ቃር ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሲውጥ ልቡ ቀድሞታል። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?

— የደም ግፊት አለብኝ፣ አምሎዲፒን እወስዳለሁ።

— እሱ ራሱ ያንን በር ሊያላላው ይችላል። እንዳያቆሙት! ለሐኪሙ ይንገሩት፣ የሚለወጥ ከሆነ እሱ ይለውጠዋል። የደም ማቅጠኛ ክሎፒዶግሬል ቢወስዱ ደግሞ ኦሜፕራዞል ሥራውን ስለሚያዳክምበት ሌላ ዘመዷ ይመረጣል። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ዶሉቴግራቪርን ከአንታሲድ ሽሮፕ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ከሽሮፑ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነው የሚወሰደው። ይህ ሁሉ የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ሳልጠይቅ ግን በምን አውቃለሁ? ሌላስ?

— ሌላ የለም። ወገቤን ሲይዘኝ ብቻ ዲክሎፌናክ አለች። ጆንያ ስናወርድ የማይያዝ ወገብ የለም።

— ዲክሎፌናክ። በሳምንት ስንቴ?

— አሁን አዝመራው ሲገባማ በየቀኑ ነው።

— ጋሼ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ያውቃል?

— ምን ነካሽ ልጄ... አዎ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ጥቂት ቀን ጠቁሮ ነበር። ብረት ያለው ኪኒን የሚወስድም ይጠቁርበታል ይላሉ።

— እርስዎ ብረት ይወስዳሉ?

— አልወስድም።

— እንግዲያውስ የሆዱን ጉዳይ ትተን ስለ ደም እናውራ። ዲክሎፌናክ ጨጓራ ራሱን የሚጠብቅበትን ሽፋን ያሳሳል፣ ያቆስላል፣ ያደማል። የጠቆረው ከላይ የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል። ሐኪም አውቆ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዝ ኦሜፕራዞል ጠባቂ ናት፤ እርስዎ ጋ ግን ማታ ማታ፣ አላግባብ፣ ሕመሙን እየደበቀች ነው የኖረችው። ድካሙም የደም ማነስ ይሆናል። ይህ የሚታየው በኢንዶስኮፒ ነው። እኔም የምፈርደው አይደለም፣ የመንደር ወሬ የሚፈርደውም አይደለም።

— እያስፈራራሽኝ ነው።

— አዎ። ቅድም የወንድምዎን ልጅ ፍርሃት ከሥር ከሥር ሳፈርስ ነበር፣ ይህንን ግን አላፈርስም። አሁን ፓኮውን ብሰጥዎት ማቃጠሉ ይለዝባል፣ አንኮበር ይመለሳሉ፣ ቁስሉ ካለ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል።

— ቆይ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዛሬ ከለከልሽኝ እንበል። ከበርሽ ወጥቼ ሦስተኛው ቤት ብገባ ምንም ሳይጠይቀኝ ይሸጥልኛል፤ ዲክሎፌናኩንም ጨምሮ። ታዲያ የአንቺ እምቢታ ማንን ጠበቀ? ከሚጠይቀኝ ሰው ወደማይጠይቀኝ ነው የሰደድሽኝ። ብትሸጪልኝ ኖሮ ቢያንስ በወሩ ተመልሼ እመጣልሽ፣ ስለ ሰገራዬም ትጠይቂኝ ነበር።

— በዚህ ሙግት ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። መልስ የለኝም ልበልዎ? አንድ ነገር ግን አለኝ። ሳልጠይቅ ብሸጥልዎት ኖሮ በየወሩ ይመጡ ነበር፣ እኔም በየወሩ ሳልጠይቅ እሸጥልዎት ነበር። ደንበኛ የሚያደርገን ያ ነው እንጂ ጠያቂና ተጠያቂ አያደርገንም። ጥያቄው የመጣው ወረቀቱ ስለጎደለ ነው።

— ይህ የቃል ጨዋታ ነው። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ብቻ ይሰጠኛል ብዬሻለሁ።

— ሁለቱን ደቂቃ ለእኔ ይስጡኝ። በዚህ ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፤ "ጥቁር ሰገራ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት። ዲክሎፌናክ በየቀኑ። አምሎዲፒን። ኦሜፕራዞል ለዓመታት፣ ከራት በኋላ። የኤች ፓይሎሪ ሕክምና በደም ምርመራ ብቻ፣ ደጋግሞ።" ቀና ብሎ ባያይዎት እንኳ ይህንን ማንበብ አይቀርም። ማዘዣ አይደለም።

— ካርዱስ? የኢንዶስኮፒውስ ገንዘብ?

— የጤና መድን አባል ከሆኑ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። ካልሆኑ... እሱን እኔ አልፈታሁትም፣ ጋሼ።

— አባል ነኝ፤ ደብተሩ ግን አንኮበር ነው። እንግዲህ አንቺ ካልሸጥሽልኝ ሦስተኛው ቤት አለ።

— አለ፣ አልይዝዎትም። ካፕሱሏን ከዚያ ቢገዙ እንኳ ዲክሎፌናኩን ግን ከማንም አይግዙ። ሆስፒታሉም ዛሬ ይሁን፣ ደብተሩን ልጅዎ በመኪና ይላክልዎ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው።